በ80 ብር የገዛሁት አብራሪ

ረጅም ነው። ቡና ያፈላ ከቡናው ጋር ያንብበው፣ የቸኮለ ለማታ ያቆየው። የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን ምርጫ የላችሁም፤ ፈተና ላይ አይመጣም ብላችሁ እንዳታልፉት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሮማናት አደባባይ ወረድ ብሎ፣ መሬት ላይ ሸራ አንጥፈው አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ አባት ጋ ቆምኩ። ኪሴ ውስጥ ያለው ብር የዘይትና የስኳር ነበር። ከማትሪክ መልመጃዎች መሀል አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ አየሁ። ውስጡ የሆነ መሥሪያ ቤት ወይን ጠጅ ማኅተም አለበት፤ ማኅተሙ ደብዝዞ አይነበብም። እንግሊዝኛ ነው፣ የታተመው ግን ሞስኮ።

«አቦይ፣ ይሄ ስንት ነው?»

«ለመምህር 80። ለሌላ ሰው 100 ነው።»

ለሌላውም ሰው እንደዚሁ እንደሚሉት አውቃለሁ። ከፈልኩ። ዘይቱ ለሰኞ ተላለፈ።

መጽሐፉ የቬንያሚን ካቬሪን «ሁለቱ ካፒቴኖች» ነው። በሶቪየት ዘመን ስንት ትውልድ ወጣት ያነበበው የጀብዱ ልብ ወለድ ነው፤ በ1946 እ.ኤ.አ. የስታሊን ሽልማት አግኝቷል። ስታሊን የሚለውን ቃል ሳይ ፕሮፓጋንዳ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ በስልኬ መብራት እያነበብኩ ራሴን አገኘሁት።

ልጁ ሳንያ ግሪጎሪየቭ ይባላል። ሲጀመር መናገር አይችልም። ይሰማል፣ ያስባል፣ ቃል ግን አይወጣውም። አንድ ሌሊት ሰው ሲገደል ያያል። ቦታው ላይ የተገኘው ቢላ የአባቱ ስለሆነ አባቱን ያስሩታል። ቢላውን እዚያ የጣለው ራሱ ሳንያ ነው። እውነቱን ያውቃል፣ መናገር አይችልም። አባትየው እስር ቤት ውስጥ ይሞታል። እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። እኛም ያየነውን ለማንም መንገር ያልቻልንበት፣ ስልክ የሌለበት ጊዜ ነበረን።

በኋላ አንድ ሐኪም መናገር ያስተምረዋል። ውኃ የወሰደው ፖስተኛ ቦርሳ ውስጥ የተገኙ ደብዳቤዎች አሉ፤ በሰሜን በረዶ ውስጥ ስለጠፋ አንድ የመርከብ ካፒቴን ያወራሉ። ሳንያ ደብዳቤዎቹን በቃሉ ይዟቸው ያድጋል። ሞስኮ ሲደርስ የዚያን ካፒቴን ልጅ ካትያን ያገኛታል። አብራሪ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ አባቷ የጠፋበትን ከሰማይ ሊፈልግ። መሀል ላይ ክህደት አለ፣ የቤተ ዘመድ ተንኮል አለ፣ ቆስሎ ሳለ ጥሎት የሚሄድ ባላንጣ አለ፣ የሌኒንግራድ ከበባ አለ። መጨረሻውን አልናገርም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ለታሪክ ወዳጆች አንድ ነገር ልጨምር። ካቬሪን ነገሩን ከባዶ አልፈጠረውም። የሳንያን ልጅነት የሰጠው ሚካኤል ሎባሼቭ የሚባል የዘረመል ሳይንቲስት ነው፤ እሱም በልጅነቱ መናገር አይችልም ነበር። የአብራሪነቱን ሕይወት ከሳሙኤል ክሌባኖቭ ወሰደ፤ ይሄኛው በጦርነቱ ሞቷል። የጠፋችው መርከብ ደግሞ በ1912 እ.ኤ.አ. የወጣችውን «ቅድስት አና» ትመስላለች። ከ24 ሰዎች የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው።

እስከዚህ ብቻ ቢሆን «ጥሩ መጽሐፍ አነበብኩ» ብዬ ፎቶ ለጥፌ እተኛ ነበር። ችግሩ ያነበብኩት መቀሌ ሆኜ መሆኑ ነው።

እናንተ ሌላ ቦታ ያላችሁ ምናልባት አይገባችሁ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለ ልጅ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ቀና ብሎ እጁን ያውለበልባል። እዚህ ልጁ መጀመሪያ የሚያየው ፊታችንን ነው፤ እኛ ከደነገጥን ይደነግጣል፣ ካልደነገጥን ወደ ኳሱ ይመለሳል። ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ 10ኛ ክፍል የጣልያንን ወረራ ሳስተምር አንዲት ልጅ እጇን አነሳች። ጎበዝ የምትባል አይደለችም፤ ከኋላ ትቀመጣለች።

«መምህር፣ አብራሪው ከላይ ሆኖ ሰዎች መሆናችን ይታየዋል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ «በከፍታው ይወሰናል» አልኩ። ይሄን የመሰለ ደካማ መልስ በማስተማር ዘመኔ ሰጥቼ አላውቅም። ደወሉ አዳነኝ።

ያቺ ልጅ ዛሬ ይሄን ብታነብ መልሱን ልስጣት፤ ይታየዋል። ጽፎታልም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን አድዋን በአውሮፕላን ደበደበች። ከአብራሪዎቹ መሀል «ላ ዲስፐራታ» የሚባል ጓድ ነበር፤ አዛዡ ቻኖ የሙሶሊኒ አማች ነው። የሙሶሊኒ ሁለት ልጆችም በዚያ ጦርነት በረዋል። ቪቶሪዮ 19 ዓመቱ፣ ብሩኖ 17። ብሩኖ ዛሬ ቢሆን የእኔ ክፍል ተማሪ ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1937 እ.ኤ.አ. ቪቶሪዮ በአምባዎቹ ላይ ስላደረጋቸው በረራዎች መጽሐፍ አሳተመ። የወጣት አብራሪ ጀብዱ ማለት ነው፣ እሱም! በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቦምቡ ፈረሰኞች መሀል ሲወድቅ እንዴት እንደሚያምር ይተርካል። ቁልጭ አድርጎ አይቷቸዋል፤ ሰዎቹንም ፈረሶቹንም። ሲያያቸው ግን ያየው ሥዕል ነው። የልጅቷ ጥያቄ መልስ እንግዲህ ከፍታ አይደለም።

በዚያው ዕለት አድዋ መሬት ላይ አንድ ሌላ አብራሪ ነበር፤ ጆን ሮቢንሰን፣ ከቺካጎ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ። ለኢትዮጵያ ሊያገለግል መጥቶ መልእክት እያመላለሰ ሳለ ድብደባው ደረሰበት። ከላይ ማየት የለመደ ሰው ያን ቀን ከታች አየው።

የሮቢንሰንን ስም ካነሳሁ ቀድሞት ስለነበረው ሰው ልናገር፤ ይሄን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈ፤ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25 ነበር። ብዙ ሳይቆይ ወጣቶች መብረር ይማሩ ተባለ። በ1930 እ.ኤ.አ. ብቻቸውን ለመብረር የበቁት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኢትዮጵያውያን አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ ናቸው። (በዚያው ዓመት፣ ንግሥ ሲቃረብ፣ ከሀርለም የመጣው ሁበርት ጁሊያን የንጉሡን አዲስ አውሮፕላን ወስዶ ከሰከሰው። ተማሪዎች ይሄን ስነግራቸው ከመላው ምዕራፍ የሚያስታውሱት እሱን ብቻ ነው።)

ሚሽካ! አዎ፣ ስሙ ሩሲያኛ ነው። አባትየው ኢቫን ባቢቼፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከመጡት ሩሲያውያን አንዱ ነበሩ፤ እዚሁ ቀሩ፣ ኢትዮጵያዊት አገቡ። ሚሽካ በ1908 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ አገሪቱ የነበሯት አውሮፕላኖች ከአንድ ደርዘን ብዙም አይበልጡም፤ ለመዋጋት ሳይሆን ሰው፣ መድኃኒትና ደብዳቤ ለማመላለስ ነበር የሚሆኑት። ጣልያን በመቶዎች አሰልፋ ነበር። የእኛ የመጀመሪያ አብራሪዎች ታሪክ ስለዚህ የድል ታሪክ አይደለም። ደብዳቤ የማድረስ ታሪክ ነው። ይሄን ስጽፍ የሳንያ ፖስተኛ ትዝ አለኝ።

ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት በ1943 እ.ኤ.አ. ግንኙነት ጀመሩ፤ ሚሽካም ሞስኮ ወዳለው ሌጋሲዮናችን በዲፕሎማትነት ሄዱ። ካቬሪን የመጽሐፉን ሁለተኛ ክፍል ያወጣው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው። እናም እውነተኛው አብራሪ ከኢትዮጵያ ወደ ልብ ወለዱ አብራሪ አገር የገቡት መጽሐፉ ገና ትኩስ ሳለ ነው። አንብበውት ይሆን? ሩሲያኛ የአባታቸው ቋንቋ ነው። እኔ አንብበውታል ብዬ ማሰብ ደስ ይለኛል፤ ይሄ ግን ምኞት እንጂ ታሪክ አይደለም፣ እንዳትቀላቅሉብኝ።

እዚያም አፈቀሩ። ሞስኮ ላይ ትዳር መሠረቱ፣ ልጆችም ወለዱ። በየካቲት 1947 እ.ኤ.አ. የሶቪየት መንግሥት ዜጎቹ የውጭ አገር ሰው እንዳያገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሚሽካ በጠና ታመው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ቤተሰባቸው እዚያው ቀረ። በ1964 እ.ኤ.አ. አረፉ።

ሳንያና ካትያ ስድስት መቶ ገጽ ሙሉ ሲፈላለጉ ደራሲ አላቸው። ሚሽካ ደራሲ አልነበራቸውም። ስማቸውን የአየር ኃይል ታሪክ ላይ በአንድ መስመር ታገኙታላችሁ፦ «የመጀመሪያው»። ስለዚያ ቤትና ስለዚያ መለያየት መስመር የለም።

ወደ እኛ ልመለስ።

መቀሌ ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀችው ከታች ሆና ነው። በመስከረም 1936 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በቀዳማይ ወያነ ጊዜ፣ ከኤደን የተነሱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በመንግሥት ጥያቄ ከተማችንን ደበደቡ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን፣ ረቡዕ፣ የገበያ ቀን። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 2,500 ነው። አውሮፕላኖቹ ሚግ ነበሩ።

እዚህ ጋ መጽሐፌን ገልብጬ የታተመበትን ከተማ ስም እንደገና አየሁት። ሞስኮ። ሚጉም መጽሐፉም በአንድ ዘመን፣ ከአንድ አገር፣ ምናልባትም በአንድ ወደብ ነው የገቡት። አንዱ ወጣት አብራሪ ፍቅረኛውን ሲፈልግ ያሳያል፤ ሌላው ውስጥ አንድ ወጣት አብራሪ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም የሚወዳት አንዲት ሴት ደብረ ዘይት ወይ አስመራ ሳይኖሩት አይቀርም። እናቴን ስለዚያ ጊዜ ስጠይቃት ስለ ሚግ አታወራም። «ገበያ በሌሊት ነበር የምንሄደው፤ በፋኖስ ነው ሽንኩርት የምንመርጠው፤ የበሰበሰው አይታይሽም» ነው የምትለው ለእህቴ። ከጦርነቱ ሁሉ የተረፋት የሽንኩርቱ ቁጭት ነው።

ዓይደር ሲደበደብ፣ ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ሌላ ትምህርት ቤት። የይገባኛል ኮሚሽኑ በኋላ የመዘገበው 53 ሰው ነው፤ ከነሱ 12ቱ ተማሪዎች። በዚያው ሰሞን ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ አስመራ ላይ ተመትተው ወረዱ። በደርግ ጊዜም ተመትተው በሻዕቢያ እጅ ዓመታት ታስረው የተፈቱ ሰው ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ከአንድ ሰማይ ወደቁ። ከሁለተኛው አልተመለሱም። በልጅነቴ እነዚህን ሁለት ወሬዎች በአንድ ሳምንት ነው የሰማኋቸው፤ የልጆቹንና የአብራሪውን። ለሁለቱም ማዘን እንደሚቻል የነገረኝ ሰው አልነበረም። አሁን እንኳ ስጽፈው እጄ ትንሽ ይከብደኛል።

የቅርቡን አልጽፍም። ነበራችሁበት።

መጽሐፉ ላይ ቅሬታዬን ግን ልናገር፣ ታሪክ መምህር ነኝና። ሳንያ በጦርነቱ የጠላት መርከብ ይመታል። ደስ ብሎኝ አነበብኩት፤ እውነቱን ነው የምናገረው፣ «ጎሽ!» ብያለሁ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው መርከቡ ላይ ሰው እንደነበረ ትዝ ያለኝ። ካቬሪን እነዚያን ሰዎች አያሳየንም። ጎበዝ ደራሲ ስለሆነ ማሳየት አቅቶት አይደለም፤ ጊዜው 1944 ነው፣ የሌኒንግራድ ሰው ስለ ጀርመን መርከበኛ እንዲያስብ አልጠብቅም። በዚያው ልብ ወለድ ግን ከማንም የጀብዱ ገጽ በላይ የወደድኩት ሌላ በረራ አለ፤ ሳንያ መናገር ያስተማረውን ሐኪም ይዞ በውርጭና በንፋስ ውስጥ ወደ አንድ ሩቅ መንደር ለአንድ ሕመምተኛ የሚበርበት። ሦስት ቀን በረዶ ይዟቸው ይቀመጣሉ። ጀብዱ እንደዚያም ይሆናል።

የእኛም ታሪክ ውስጥ እንደዚያ የበረረ አለ። ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ ስዊድናዊ። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት በ26 ዓመቱ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን አበረረ። በኋላ ደብረ ዘይት ላይ አየር ኃይላችንን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ድርቁ ሲመጣ፣ ሽማግሌ ሆኖ ተመልሶ መንገድ ወዳልደረሰባቸው ቦታዎች እህል ከአየር ላይ ጣለ። አስቡት፤ ሰማይ የሚጥለው ነገር እህል ሲሆን! ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ።

አሁን ወደ ራሴ፤ ይሄን ክፍል ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት።

ብዙዎቻችሁ ባለቤቴን ታውቋታላችሁ። ያኔ እጮኛዬ ነበረች፤ አዲስ አበባ ትሠራለች። ሰኔ 2013 ስልኩ ሲቆረጥ የመጨረሻው ወሬያችን ስለ ኔትወርክ ነበር፤ «ይቆራረጣል፣ ማታ እደውላለሁ» አልኳት። ማታው 18 ወር ፈጀ። ሞተሃል ብለው የነገሯት ሰዎች ነበሩ። ጥቁር አልለበሰችም፤ «እስካየው ድረስ» አለች። እኔ ደግሞ ሌላ አግብታ ይሆናል እያልኩ እቀና ነበር፣ ዱቄት በሌለበት ቤት! ሰው ተርቦም ይቀናል፤ ይሄ የትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ላይ የለም።

ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 የመጀመሪያው የአየር መንገድ በረራ አሉላ አባ ነጋ አረፈ። እሷ የመጣችው ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በአንዱ ነው። ከአጥሩ ውጪ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ አጠገቤ እናቶች አሉ፣ አንዷ ሕምባሻ በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። ከዚያ ድምፁ ከኲሓ በኩል መጣ።

ጎንበስ አልኩ። እጄ ጭንቅላቴ ላይ ነው። ዓመት ተኩል ሙሉ የጠበቅኳትን ሴት ይዞ የሚመጣው አውሮፕላን መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀጠሮዬ ነው፣ ሸሚዜን ተኩሼ ነው የመጣሁት፤ ጉልበቴ ግን አላወቀም። ቀና ስል ሕምባሻ የያዘችው እናትም ጎንበስ ብላ ነበር። ተያየን። ሳቅን። እሷ ቀድማ ሳቀች።

አብራሪው ወጣት ነበር። በረራው ሲወርድ ከሩቅ ነጭ ሸሚዙን አየሁት፤ ደረጃው ላይ ቆሞ መሬት የሚስሙትን ሰዎች ያያል። ስሙን አላውቅም። ምን እንዳየ ቢጽፍልን እንዴት ደስ ባለኝ።

ባለፈው ወር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «መምህር፣ አብራሪ ልሆን አመልክቻለሁ፤ እማዬ ግን አልፈቀደችም፣ አናግርልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም። ይሄን ካነበብክ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችሁ እመጣለሁ በላት። ምን እንደምላት ግን ገና አላዘጋጀሁም፤ እሷ የዓይደር ሰው ናት።

መጽሐፉን ለመዋስ የምትጠይቁኝ ወረፋ ያዙ። አሁን ባለቤቴ ጋ ነው፤ ገና መሀሉ ላይ ናት፣ ሌኒንግራድ አልደረሰችም። ማታ ማታ «ይገናኛሉ አይደል?» እያለች ትጠይቀኛለች። አልነግራትም። እናንተም ኮሜንት ላይ መጨረሻውን እንዳትጽፉብኝ፤ ፕሮፋይሌን ታነባለች።